ሰርጌ ሁለት ወር ቀርቶታል፤ መቼና የት ልመርመር?

ጥያቄ፦ "ዶክተር፣ የ27 ዓመት ወጣት ነኝ፣ የምኖረው ድሬዳዋ ነው። ከወንድም ከሴትም ጋር ግንኙነት ነበረኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት ከአንድ ወንድ ጋር ያለ ኮንዶም ግንኙነት አደረግሁ፤ ተቀባዩ እኔ ነበርኩ። ባለፈው ሳምንት ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ይዞኝ የወባ ምርመራ ሳደርግ የለብህም አሉኝ፤ አሁን ተሽሎኛል። ሰርጌ ሁለት ወር ቀርቶታል፣ ከእጮኛዬ ጋር በሚቀጥለው ሳምንት እንመረመር ተባብለናል። አንድ ጓደኛዬ ኤድስ ከሴት ነው እንጂ ከወንድ አይዝም ይለኛል። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ላብራቶሪ ውስጥ ይሠራል፤ ድሬ እንደምታውቀው ሁሉም ሰው ይተዋወቃል። ምን ላድርግ? ቢገኝብኝስ ከማን ያዘህ ብለው ያፋጥጡኛል?"

መልስ፦

ወንድሜ፣ ቀኑንም የሆነውንም የተሰማህንም ሳትሸፋፍን ስለጻፍክ አመሰግናለሁ። እንዲህ ሲጻፍ ነው የሚጠቅም መልስ መስጠት የሚቻለው። አጭሩን ላስቀድም፦ በዚህ ሳምንት ተመርመር። ነገር ግን ውጤቱ "የለብህም" ቢል ስለዚያ ቀን የመጨረሻ መልስ አገኘሁ ብለህ አትረፍ፣ ገና ነው። የመጨረሻው እስኪታወቅ ድረስ እጮኛህን ጨምሮ ከማንም ጋር ያለ ኮንዶም አትገናኝ። ከዚህ በታች ያለው የዚሁ ማብራሪያ ነው፤ ረዘም ስለሚል ታገሰኝ።

የጓደኛህ ነገር በጣም ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም እንዲህ የሚያስበው እሱ ብቻ አይደለም። "ከሴት ጋር ስላልሄድኩ አልሰጋም" የሚል ቃል ከተመርማሪዎች አፍ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ከየት እንደመጣም ይገባኛል። ቫይረሱ አገራችን መግባቱ በ1984 እ.ኤ.አ. በተቀመጠ የደም ናሙና ከታወቀና በ1986 የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን ከታዩ ወዲህ በሬዲዮም፣ በቴሌቪዥንም፣ በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይም ሲነገር የኖረው ስለ ወንድና ሴት ነው። ስለ ሴተኛ አዳሪዎች ተነገረ፣ ስለ ረጅም መንገድ ሾፌሮች ተነገረ፣ ስለ ታራሚዎች ተነገረ። ስለ ወንድና ወንድ ማንም ሳይናገር ሲቀር፣ ሰው "ካልተነገረ አደጋ የለውም ማለት ነው" ብሎ ያዘው።

ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የፊንጢጣ የውስጥ ገጽ የተሸፈነው በአንድ ረድፍ ስስ ሕዋሳት ብቻ ነው፤ የሴት ብልት ግን በብዙ ንብርብር የተጠበቀ ነው። ፊንጢጣ በግንኙነት ጊዜ ራሱን የሚያርስበት ፈሳሽ ስለሌለው በቀላሉ ይላጣል፣ ይሰነጠቃል። ከሥሩ ደግሞ ቫይረሱ የሚፈልጋቸው ነጭ የደም ሕዋሳት በብዛት አሉ። በዚህ የተነሣ ቫይረሱ ካለበትና ሕክምና ላይ ካልሆነ ሰው ጋር ያለ ኮንዶም ሲደረግ፣ በፊንጢጣ የሚቀበለው ሰው የመያዝ ዕድል ከ10,000 ግንኙነት 138 ያህል ነው። በፊንጢጣ የሚያደርገው ወንድ 11 ነው። በወንድና በሴት መካከል በተለመደው መንገድ ሲሆን ለሴቷ 8፣ ለወንዱ 4 ነው። አንተ የነበርክበት ሁኔታ ሴቲቱ ካለባት አደጋ ከ17 እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። በአፍ የሚደረገው ለኤች አይ ቪ ያለው አደጋ በጣም ትንሽ ነው፤ ለቂጥኝና ለጨብጥ ግን አይደለም።

ይህን ስጽፍ እንቅልፍ ልነሳህ ብዬ አይደለም። ያንኑ ቁጥር በሌላ በኩል አንብበው፦ አብሮህ የነበረው ሰው ቫይረሱ ቢኖርበት እንኳ ከአንድ ጊዜ ግንኙነት ያልተያዝክበት ዕድል እጅግ ይበልጣል። ቢሆንም ቁጥሩ "አይዝም" አይልም። የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ፕሮግራም እንደሚያወጣው በ2023 እ.ኤ.አ. በዓለም ደረጃ ከጎልማሶች ቫይረሱ ያለባቸው 0.8 በመቶ ሲሆኑ፣ ከወንዶች ጋር ግንኙነት ካላቸው ወንዶች መካከል ግን 7.7 በመቶ ነበሩ። የኛ አካባቢም ከአገሩ አማካይ በላይ ነው፤ በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አገር አቀፉ 0.9 በመቶ ሲሆን ድሬዳዋ 2.5፣ ሐረሪ ክልል 2.4 ነበሩ።

ወደ ትኩሳቱ ልምጣ። ቫይረሱ ከገባ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ብዙ ሰው ላይ ጉንፋን የሚመስል ሕመም ይመጣል፦ ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የአንገትና የብብት እጢ ማበጥ፣ አንዳንዴ ሽፍታ፣ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት። ከዚያ በራሱ ይጠፋል። ያንተ ጊዜው ይገጥማል፣ ይህን አልደብቅህም። ግን ያለኸው ድሬዳዋ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የደንጊ ወረርሽኝ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ ድሬን እንዴት እንዳስተኛት ታስታውሳለህ። በ2022 ደግሞ በየግቢው የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትራባው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል ትንኝ በከተማው ውስጥ ወባ አስነስታለች። እነዚህ ሁሉ ያተኩሳሉ፣ ሰውነት ይሰብራሉ፣ ሽፍታ የሚያወጡም አሉባቸው። "ወባ የለብህም" ማለት ወባ የለብህም ማለት ብቻ ነው። በምልክት ብቻ ኤች አይ ቪ ነው ወይም አይደለም የሚልህ ሰው ካለ፣ ነጭ ጋዋን ቢለብስም አትመነው። አንዳችም ምልክት ሳያዩ የሚያዙ ሰዎች ብዙ ናቸው። አንተ ማድረግ ያለብህ ለሚመረምርህ ባለሙያ "ከሦስት ሳምንት በፊት ተጋልጬ ነበር፣ ከዚያም ትኩሳት ያዘኝ" ብለህ ሁለቱንም አብሮ መንገር ነው። ይህን ሲሰማ የመጀመሪያው ውጤት ንጹሕ ቢሆንም ቶሎ ይቀጥርሃል።

ለምን ይቀጥርሃል? በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ ቫይረሱን ራሱን አይደለም የሚፈልገው፤ ሰውነትህ ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመርተውን አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲው ደግሞ በአንድ ቀን አይመረትም። በፈጣን ምርመራ ለመታየት ከተጋለጡበት ቀን አንስቶ ከ23 እስከ 90 ቀን ይፈጃል። ከክንድ ደም ሥር ተቀድቶ በላብራቶሪ የሚሠራውና አራተኛ ትውልድ የሚባለው ምርመራ የቫይረሱን አካልም አብሮ ስለሚፈልግ ከ18 እስከ 45 ቀን ባለው ጊዜ ይይዘዋል። አንተ አሁን 21ኛው ቀን ላይ ነህ። ታዲያ ምን ብዬ ዛሬ ሂድ እላለሁ? አንደኛ፣ ያንተ ታሪክ ከሦስት ሳምንት በፊት ብቻ አልጀመረም፤ የዛሬው ምርመራ ከሦስት ወር በፊት ስላለፈው ጊዜ ሁሉ ይመልስልሃል። ሁለተኛ፣ አሁን ከታየ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቫይረሱ በደም ውስጥ በጣም በሚበዛበትና ወደ ሌላ ሰው በቀላሉ በሚተላለፍበት ጊዜ ላይ ደረስንበት ማለት ነው፤ ሕክምናው ወዲያው ይጀመራል።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ፣ ከእጮኛህ ጋር ወዳላችሁ ቀጠሮ። እስቲ ቀኑን አብረን እንቁጠር። በሚቀጥለው ሳምንት ስትመረመሩ አንተ 28ኛው ቀን ላይ ነህ። ሰርጉ የሚውለው 80ኛው ቀን አካባቢ ነው። ፈጣን ምርመራ ሙሉ በሙሉ የሚታመንበት 90ኛው ቀን የሚመጣው ከሰርጉ ወደ ዐሥር ቀን ዘግይቶ ነው። ከተክሊል ወይም ከኒካህ በፊት የምርመራ ወረቀት የሚጠይቁ የሃይማኖት አባቶች አሉ፣ ጥሩ ያደርጋሉ። ነገር ግን በ28ኛው ቀን የምትይዙት ወረቀት ስለ እሷ የሚናገረው ሊታመን ይችላል፤ ስለ አንተ የሚናገረው ገና አልበሰለም። እሷ ይህን ልታውቅ የምትችልበት መንገድ የላትም። ሁለታችሁም ነፃ ናችሁ ተብላችሁ ስትወጡ ደስ ብሏት ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ ከዚያ በኋላ ኮንዶም የሚባል ነገር ማን ያነሣዋል?

ስለዚህ የጋራውን ምርመራ ከ45ኛው ቀን በኋላ አድርጉት። ሰርጉ ሳይደርስ ከወር በላይ ስለሚተርፍ ማንም የሚጠረጥርበት ምክንያት የለም። በዚያ ጊዜ በክንድ ደም የሚሠራውን አራተኛ ትውልድ ምርመራ የሚሠራ ላብራቶሪ ፈልግ፤ የግል ላብራቶሪዎችን በስልክ እየደወልክ ስምህን ሳትናገር መጠየቅ ትችላለህ። እስከዚያ ሌላ ተጋላጭነት ከሌለና ውጤቱ "የለብህም" ካለ በዚያ ልትተማመን ትችላለህ። ያገኘኸው ፈጣን ምርመራ ብቻ ከሆነ የ45ኛው ቀን ንጹሕ ውጤት ትልቅ እፎይታ ነው፣ ነገር ግን እስከ 90ኛው ቀን ድረስ ከባለቤትህም ጋር ቢሆን ኮንዶም መጠቀም ይኖርብሃል። ለእሷ ምን ልበላት ትል ይሆናል። "ከጥቂት ጊዜ በፊት ተጋልጬ ሊሆን ይችላል፣ ሐኪሙ እስከዚህ ቀን ጠብቅ ብሎኛል" ማለት ትችላለህ፤ ከማን ጋር እንደነበርክ መናገር ግዴታህ አይደለም። ከባድ ንግግር መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም አንዲት ሴት ሳታውቅ አደጋ ውስጥ እንዳትገባ መጠበቅ ካንተ ሌላ የሚያደርገው ሰው የለም፣ ስለዚህ አለሳልሼ ልነግርህ አልፈልግም። ማግባት አለማግባትህን በተመለከተ ግን የቤተሰብ ግፊት እንዳለብህ አልነገርከኝም፣ እኔም አልገባበትም።

ምርመራው ራሱ ምን እንደሚመስል ልንገርህ፤ ብዙ ሰው የሚሸሸው ያላየውን ነገር ስለሚፈራ ነው። ክፍሉ ውስጥ ብዙውን ጊዜ አንድ ነርስ ወይም አማካሪ ብቻ ነው የሚኖረው። ስለ ዕድሜህ፣ ከዚህ በፊት ስለመመርመርህ፣ ያለ ኮንዶም ግንኙነት ስለማድረግህ ትጠየቃለህ። ጣትህ በአልኮል ይጠረጋል፣ በትንሽ መርፌ ጠቅ ይደረጋል፣ የመጀመሪያዋ ጠብታ ተጠርጋ ቀጣይዋ በቀጭን ቱቦ ትወሰድና በመመርመሪያዋ ቀዳዳ ላይ ትንጠባጠባለች፤ ከላይዋ ሁለት ሦስት ጠብታ ፈሳሽ። ከዚያ 15 ወይም 20 ደቂቃ መጠበቅ ነው። አንድ መስመር ብቻ ከታየ አልታየብህም ማለት ነው። ሁለት ከታየ "አለብህ" አትባልም፤ በሌላ ዓይነት መመርመሪያ ይደገማል። የዓለም ጤና ድርጅት በሦስት የተለያዩ መመርመሪያዎች ተከታትሎ ሳይታይ ማንም ሰው ቫይረሱ አለብህ እንዳይባል ይመክራል። ስለዚህ በመጀመሪያው መመርመሪያ ላይ ሁለት መስመር ያየ ሰው ተስፋ ቆርጦ በሩን በርግዶ መውጣት የለበትም፤ ቁጭ ብሎ ሂደቱን ያስጨርስ።

ራስን በራስ መመርመርም አለ፣ በድድ ፈሳሽ የሚሠራው። ለመነሻ ጥሩ ነው፣ በተለይ ሰው ያየኛል ብሎ ለሚጨነቅ። የላይኛውን ድድ አንዴ፣ የታችኛውን አንዴ ጠርገህ ፈሳሹ ባለበት ብልቃጥ ውስጥ ታቆመዋለህ፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ፣ 40 ደቂቃ ሳያልፍ ታነባለህ። ሁለተኛው መስመር ደብዘዝ ብሎ ቢታይ እንኳ እንደ መስመር ይቆጠራል። ከመጀመርህ በፊት ቢያንስ 15 ደቂቃ አትብላ፣ አትጠጣ፤ ጫት በአፍህ ይዘህ ወይም ከበርጫው ተነሥተህ እንዳትሞክረው። በዚህኛው የሚታይብህ ከሆነ ጤና ተቋም ሄደህ በደም ማረጋገጥ አለብህ። ይህ መመርመሪያ ቫይረሱን ለማየት እስከ ሦስት ወር ስለሚፈጅ ላንተ ለአሁኑ ጉዳይ ብቻውን አይበቃህም። የኤች አይ ቪ መከላከያ ክኒን ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ሊያሳስተው ስለሚችል አይጠቀምበት።

የት ልሂድ ላልከው፦ የአጎትህ ልጅ የሚሠራበት ቦታ አትሂድ። እሱ አደራውን ይበላል ብዬ አይደለም፤ አንተ ተረጋግተህ እንድትናገር ነው። ድሬ ውስጥ ከድል ጮራና ከሳቢያን ሆስፒታሎች ሌላ ጤና ጣቢያዎችና የግል ክሊኒኮች አሉ። ሐረር ብትሄድ ደግሞ ሕይወት ፋና አለ፣ ጁገል ሆስፒታል አለ። መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍረህ በደንገጎ ወጥተህ፣ ሐረማያንና አወዳይን አልፈህ፣ ተመርምረህ ከሰዓት ትመለሳለህ። ከሐረር ወደ ድሬ ለዚሁ የሚወርድም አለ። ስም ሳይሆን ኮድ የሚጽፉ የምክርና ምርመራ ክፍሎች ስላሉ ገና ካርድ ሳታወጣ "በኮድ ይቻላል?" ብለህ ጠይቅ።

ሕጉንም አውቀህ ሂድ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚደረግን ግንኙነት በእስራት እንደሚቀጣ ታውቃለህ። ለኤች አይ ቪ መመርመር ግን ወንጀል አይደለም፣ ምርመራውም አብሮህ የነበረው ወንድ ይሁን ሴት ሳይታወቅ ይሠራል። በዚያው ሕግ አንቀጽ 399 ደግሞ ሐኪም፣ ነርስ ወይም ፋርማሲስት በሥራው ያወቀውን ምስጢር ማውጣት ራሱ ያስቀጣል። ይህ እያለ ሁሉም ባለሙያ አንድ ዓይነት ልብ አለው ብዬ አልዋሽህም፤ ፊቱን የሚያጠቁርም፣ የሚሰብክም ሊያጋጥምህ ይችላል። ስለዚህ ስለ ሰውነትህ ተናገር፦ "ያለ ኮንዶም ግንኙነት ነበረኝ፣ የኤች አይ ቪና የቂጥኝ ምርመራ እፈልጋለሁ።" ይህ ሙሉ እውነት ነው፣ ለምርመራውም ይበቃል። ከጊዜ በኋላ የምታምነው ባለሙያ ካገኘህ የቀረውን ንገረው፤ የትኛው የሰውነት ክፍልህ እንደተጋለጠ ሲያውቅ በደንብ ያይሃል።

"ከማን ያዘህ" ስላልከው፣ ከተገኘብህ አማካሪው ስለ አጋሮችህ ይጠይቅሃል፣ ይህ የሥራው አካል ነው። ዓላማው እነሱም እንዲመረመሩ ነው እንጂ ተጠያቂ መፈለግ አይደለም። ስም መስጠት በፈቃድህ ነው። "እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ" ማለት ትችላለህ፣ ስም አልሰጠህም ተብሎ መድኃኒት መከልከል አይቻልም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳትጠይቀኝ ልጨምር። ብዙ ወንዶች ኤች አይ ቪን ብቻ ተመርምረው ይሄዳሉ። በፊንጢጣና በጉሮሮ የሚቀመጥ ጨብጥና ክላሚዲያ የሚባለው ሌላ የአባላዘር በሽታ ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት የለውም፤ የሽንት ምርመራም አያሳየውም። የቂጥኝ ቁስል ሕመም የለውም፤ ፊንጢጣ ውስጥ ከወጣ ባለቤቱ ሳያየው ይድናል፣ ከዚያ ከሳምንታት በኋላ በመዳፍና በውስጥ እግር ሳይቀር የማያሳክክ ሽፍታ ሆኖ ይወጣል። የቂጥኝ ቁስል የሚወጣው ከተጋለጡ ከ10 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ስለሆነ ደምህ ዛሬም በሦስተኛው ወርም ለቂጥኝ ይታይ። ሕክምናው ቀላልና ርካሽ ነው፤ በጊዜው ከተደረሰበት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን 2.4 ሚሊዮን ዩኒት በመርፌ ይሰጣል፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ቀን ብቻ። ቂጥኝም ሆነ ጨብጥ ያለበት ሰው ኤች አይ ቪ በቀላሉ ይይዘዋል።

እባክህ ፊንጢጣህ አካባቢ ቁስል፣ እብጠት፣ መግል ወይም ደም ብታይ "ኪንታሮት ነው" ብለህ በየግድግዳው የተለጠፈ ማስታወቂያ አንብበህ ወደ ባህል ሐኪም አትሂድ። ቂጥኝ፣ ኸርፐስ ወይም ከቫይረስ የሚመጣ የቆዳ እብጠት ሆኖ ሳለ በሚያቃጥል መድኃኒት ተላጥቶ፣ ቁስሉ አመርቅዞ፣ ቁጭ ማለት አቅቶት የሚመጣ ሰው አለ። ስለ ሐፍረት ብሎ ወራት ይታገሳል። "እዚህ ጋ ቁስል አለኝ፣ እዩልኝ" ማለት ይበቃል፤ ሴትም ወንድም፣ ሽማግሌም በዚያ ቦታ ይታመማል፣ ለሐኪም አዲስ ነገር አይደለም። የሄፓታይተስ ቢ ምርመራም አድርግ፤ ከሌለብህ ክትባቱን ውሰድ፣ ሦስት ጊዜ ነው፣ አሁን፣ ከወር በኋላ፣ በስድስተኛው ወር።

ቢገኝብህስ? መድኃኒቱ በመንግሥት ተቋም በነፃ ነው፣ በቀን አንዲት ክኒን ናት፣ ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር አንድ ላይ የያዘች። ዝግጁ ከሆንክ በዚያው ቀን ትጀምራለህ። ከስድስት ወር በኋላ የቫይረሱ መጠን ይለካል። በየቀኑ ከወሰድካት መጠኑ በመሣሪያ ወደማይታይበት ይወርዳል፣ እዚያ የደረሰ ሰው ቫይረሱን በግንኙነት ለሌላ አያስተላልፍም። ይህ በወንድና በሴት ብቻ የተረጋገጠ አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት በ14 የአውሮፓ አገሮች 782 የወንድና የወንድ ጥንዶች፣ አንደኛው ቫይረሱ ያለበትና በሕክምና መጠኑ የወረደ፣ ያለ ኮንዶም ወደ 76,000 ጊዜ ተገናኝተው ከአጋሩ የተያዘ አንድም ሰው አልተገኘም። ማግባትም፣ ነፃ ልጅ መውለድም ይቻላል። ስለ መታየት የምትጨነቅ ከሆነ ደግሞ ሕክምናው ተስማምቶት የተረጋጋ ሰው መድኃኒቱን የስድስት ወር በአንዴ ይወስዳል፣ ሐረር ላይ ብትከታተል በዓመት ሁለቴ መንገድ ብቻ ነው። ጠበልም ሆነ ሩቅያ ከፈለግክ መድኃኒቱን ሳታቋርጥ ሂድ።

ከሌለብህ ደግሞ ሳይኖርብህ እንድትቀጥል የሚረዳህን ልንገርህ። ሕይወት ትረስትም ሆነ ሰንሴሽን በየሱቁ አለ። ነገር ግን የድሬን ሙቀት አትርሳ፤ በኪስ ቦርሳ ታጥፎ የከረመ ወይም ባጃጅ ውስጥ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ኮንዶም ላስቲኩ ይዳከማል። ኮንዶም ሲበጠስ ሌላው ምክንያት ቅባቱ ነው። ቫዝሊን፣ የፀጉር ቅባት፣ ቅቤ፣ የምግብ ዘይት፣ ሎሽን ላስቲኩን በደቂቃዎች ውስጥ ያሳሱታል። ፋርማሲ ገብተህ በውኃ የተሠራ ማለስለሻ ጠይቅ፣ ኬዋይ ጄሊ የሚባለው ዓይነት፤ ለብዙ ነገር ስለሚያገለግል ማንም ለምን አይልህም። በፊንጢጣ ለሚደረግ ግንኙነት ያለ ማለስለሻ ኮንዶም ብቻውን አይበቃም። በምርቃና የተጀመረ ወሬ በጨብሲ መጠጥ ሲታጠብ ውሳኔ እንደሚላላ አንተም ታውቃለህ፤ ኮንዶሙንና ማለስለሻውን ከበርጫው በፊት ይዘህ ውጣ።

ቫይረሱ የሌለበት ሰው እንዳይያዝ የሚወስደው፣ ፕሬፕ የሚባል ክኒንም አለ። በአገራችን የተጀመረው ለሴተኛ አዳሪዎችና ከሁለት አንዳቸው ብቻ ቫይረሱ ላለባቸው ጥንዶች ስለሆነ አንተ ስትጠይቅ ላይሰጡህ ይችላሉ፤ ሆኖም ተጋላጭ መሆንህን ገልጸህ መጠየቅ ምንም አያስቀርብህም። ከጓደኛ ተቀብለህ ብቻህን እንዳትጀምረው። ሳይመረመር የጀመረ ሰው ቫይረሱ አስቀድሞ ካለበት፣ ቫይረሱ መድኃኒቱን ሊላመደው ይችላል። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ደግሞ ድንገት ሲያቋርጠው ጉበቱ ሊታመም ይችላል።

ኮንዶም ተበጥሶ ወይም ሳይኖር ቀርቶ ሌላ ጊዜ ብትጋለጥ ሦስት ሳምንት አትጠብቅ። በ72 ሰዓት ውስጥ የሚጀመር፣ ለ28 ቀን የሚወሰድ ድንገተኛ መከላከያ አለ፣ ፔፕ ይባላል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲጀመር ይበልጥ ይሠራል፣ ከ72 ሰዓት በኋላ ግን አይሰጥም፤ ላንተ ለአሁኑ አልፎሃል። ብዙ ጊዜ የሚታወቀው መርፌ ለወጋው የጤና ባለሙያና ለተደፈረ ሰው ሲሰጥ ቢሆንም፣ ሌሊትም ቢሆን የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሄደህ "ለኤች አይ ቪ ተጋልጫለሁ፣ ፔፕ እፈልጋለሁ" በል። አንዱ እምቢ ካለህ ሰዓቱ ሳያልቅ ሌላ ቦታ ሂድ።

ያ አብሮህ የነበረው ሰውም ይመርመር። ስልኩ ካለህ በጽሑፍ ምንም አትላክለት፣ ስልክ በማን እጅ እንደሚወድቅ አይታወቅምና በአካል ወይም ደውለህ ንገረው፦ እኔ ልመረመር ነው፣ አንተም ሂድ በለው። እሱ ከተመረመረና ውጤቱን ከነገረህ በሁለተኛው ቀጠሮህ ላይ ለሐኪሙ ጥቀስለት። አጋርህ ቫይረሱ እንዳለበትና መድኃኒት ላይ መሆን አለመሆኑን ማወቅ ያንተን ቀጠሮ ሊያቀርበው ወይም ሊያቀለው ይችላል።